ከጴጥሮስ ጀርባ የነበረው የሐበሻ ቤት

(ባለፈው ወር አንድ የመጽሐፍ ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። በቃል ያልኩትን ነው የጻፍኩት፣ ትንሽ ብቻ አስተካክዬዋለሁ። ለይቼ ካልነገርኳችሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ሮም የሄዳችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ኧረ ብዙ ናችሁ። የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ያያችሁስ? እሺ፣ እንግዲያው መካከለኛው በር ፊት ቆማችሁ ፎቶ ተነሥታችኋል ማለት ነው። ያ ትልቅ የነሐስ በር ፊላሬቴ የሚባል ቀራጭ በ1445 የጨረሰው ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ትልልቆቹን ምስሎች ነው፣ ጴጥሮስን፣ ጳውሎስን፣ እመቤታችንን። በነሱ መሃል ግን ቀጫጭን ክፈፎች አሉ፤ ክፈፎቹ ላይ ትንንሽ ሰዎች ተሰልፈዋል፣ በፈረስ የሚሄድ አለ፣ ተንበርክኮ ወረቀት የሚቀበል አለ።

ከነዚያ ትንንሽ ሰዎች መካከል የግብፅና የኢትዮጵያ መነኮሳት አሉበት። በ1441 ለፍሎረንስ ጉባኤ የተላኩ ናቸው፤ የኛዎቹን የላኳቸው በኢየሩሳሌም የነበረው የኢትዮጵያውያን ገዳም አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ናቸው። ጉባኤው ላይ ደግሞ አንድ አስቂኝ ነገር ነበር። ጳጳሳቱ ንጉሣቸውን በተደጋጋሚ «ፕሬስተር ጆን» እያሉ ይጠሩባቸዋል፤ አውሮፓውያን በተረት የሰሙት የሩቅ አገር ክርስቲያን ንጉሥ ስም ነው። የኛ ሰዎች ግራ ገባቸው። ኧረ ንጉሣችን ዘርዐ ያዕቆብ ነው፣ እንዲህ የሚባል ስም የለውም ብለው ለማስረዳት ሞከሩ። ማን ይስማቸው! አውሮፓ ያንን ስም ከዚያም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልተወችውም።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ የስም ነገር ደጋግሞ ይመጣል።

አሁን ያን በር ትታችሁ ባዚሊካውን በስተኋላ ዙሩት። በሐሳብ ነው የምላችሁ፣ በእግር እንኳ ዘበኞቹ አያሳልፏችሁም። ከበስተጀርባው፣ ከዚያ ተራራ ከሚያህል ሕንፃ ሥር፣ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ትባላለች። የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ፊቷ ያን ያህል አያስደንቅም፣ በ1706 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌሜንጦስ 11ኛ ዘመን የታደሰ ተራ ግድግዳ ነው። የበሩ ዙሪያ ግን ሌላ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ እብነ በረድ ነው፤ ሐረጉ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ከላይ በጉና መስቀሉ አሉ። የሐረግ ሥዕል ያለበት ብራና አይቶ ያደገ ሰው እዚያ በር ፊት ሲቆም ባዕድነት አይሰማውም። ሐረጉን የቀረጹት የኛ ሰዎች አይደሉም፣ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ነው የተሠራው። ግን ሲገቡ ሲወጡ ያዩት የነበረው እሱን ነው።

ዛሬ ቫቲካን ውስጥ ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አሮጌዋ ይቺ ናት። ግዙፉ ጴጥሮስ ራሱ በ1506 ተጀምሮ እንደገና የተሠራ ነው። እስጢፋኖስ ግን፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ በ5ኛው መቶ ዘመን በቀዳማዊ ሊዮ ዘመን የተተከለች ናት። በጥንት ጊዜ በባዚሊካው ዙሪያ ገዳማት ነበሩ። መነኮሳቱ ሌሊትና ቀን ተራ ገብተው ጴጥሮስ መቃብር ላይ ይቆሙ፣ ያዜሙ ነበር። የእስጢፋኖስ ገዳም ከነዚህ አንዱ ነው። የኛን አገር ደብር ለሚያውቅ ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ሰዓታት የሚቆም፣ ማኅሌት የሚቆም እንደሚመደበው ነው። ዘመን አለፈ፣ ቤቱ ወደቀ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን እንደገና ተሠራ። ከዚያ በ1479 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ፣ ሲስቲን ቻፕል በስሙ የተጠራለት ሰውዬ፣ አስጠግኖ ለኛ መነኮሳት ሰጣቸው። በኛ አገር አጼ እስክንድር ገና በሕፃንነቱ ዙፋን ላይ የተቀመጠበት ሰሞን ነው።

እስቲ አንዴ ቆም በሉና አስቡት። እኛ ገዳም ሲባል የሚታየን ገደል ነው። ደብረ ዳሞ በገመድ፣ ጣና በታንኳ። ከሰው መራቅ ነው ገዳም። ይሄኛው ግን ከተማ መሃል፣ ያውም በክርስቲያኑ ዓለም ከሁሉ ከሚጨናነቅ ግቢ አጠገብ። ከኢትዮጵያ የተነሣ ተሳላሚ ኢየሩሳሌም ይደርሳል፣ ጥቂቱ በመርከብ ወደ ቬኒስ ይሻገራል፣ ከዚያ ሮም። አንዳንዱ ከሮምም አልፎ እስከ ስፔን፣ እስከ ሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር ይሄዳል። መንገዱ ዓመታት ይወስዳል። እስጢፋኖስ ለዚህ ሰው ገዳምም ነው፣ ማረፊያም ነው፣ ታሞ የሚተኛበትም ነው፣ ከአገሩ ሰው ጋር ተገናኝቶ በቋንቋው የሚያወራበትም ነው። ስደት የሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም። ሮማውያኑ ደግሞ ነዋሪዎቹን አንዳንዴ «ሕንዶች»፣ አንዳንዴ «ሙሮች»፣ ጥቁሮች እንደ ማለት፣ ይሏቸው ነበር። ቤቱም «የሙሮቹ እስጢፋኖስ» የተባለበት ጊዜ አለ። አያችሁ፣ አሁንም ስም።

በዚህ ቤት ዘመን፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ፣ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ጀርመናዊ ቄስ ሮም ውስጥ ኢትዮጵያውያን ሲያዜሙ ሰማ። ቋንቋው አልገባውም። ግን ከዜማው መሃል የማርያምን ስም፣ የሐዋርያትን ስም ለየ። ጆሮው እዚያ ላይ ቀረ። ከኢየሩሳሌም የመጣ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባል መነኩሴ አገኘና ግእዝ ተማረ። በ1513 ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ መኃልየ መኃልይም አለበት። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። አገራችን ውስጥ ማተሚያ የመጣው ከዚያ በኋላ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ፖትከን አንድ ነገር ብቻ ሳተ፣ ቋንቋውን «ከለዳዊ» አለው። ስሕተቱም ተከታይ አላጣም። ከ39 ዓመት በኋላ የወጣው የመጀመሪያው የግእዝ ሰዋስው ርዕሱ ላይ «ከለዳዊ ወይም ኢትዮጵያዊ» ይላል። ዛሬ መጽሐፉን ካታሎግ ውስጥ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በፖትከን ስም ነው። ቶማስ ወልደ ሳሙኤልን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንኳ አልጠይቅም።

አሁን የቤቱ ትልቁ ሰው ጋ ደረስን። አባ ተስፋ ጽዮን።

የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው። ሮማውያኑ ጴጥሮስ ሐበሻዊ ይሏቸው ነበር። 1540ዎቹ ላይ እስጢፋኖስ ውስጥ ናቸው፣ ላቲንም ጣልያንኛም ያውቃሉ፣ ከካርዲናሎች ጋር ይነጋገራሉ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጳውሎስ 3ኛ ያውቋቸዋል። በዚያው ዘመን አገራቸው እየነደደች ነበር። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር መካነ ሥላሴን አቃጠለ፣ በዚያው ሰሞን ደብረ ሊባኖስም ነደደ። ስንት ብራና አብሮ እንደጠፋ ፈጣሪ ይወቀው። አንድ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ይህን እያወቀ ሮም ተቀምጧል፣ ከጎኑ ደግሞ ማተሚያ አለ። ብራና አንድ ነው፣ ከነደደ ነደደ። ማተሚያ ግን በመቶ ያወጣል። እኔ ያንን ሥራ ያስጀመራቸው ይሄ ይመስለኛል። የኔ ግምት ነው፣ በሳቸው አፍ የተባለ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ።

ይዘዋቸው የመጡ ብራናዎች ነበሩ። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ከሚባሉ ሁለት ወንድሞች ጋር ሆነው በ1548 አብዛኛውን የሐዲስ ኪዳን ክፍል፣ በ1549 የጳውሎስን መልእክቶች በግእዝ አሳተሙ። ተሟልቶ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «አሳተሙ» ማለት ለኛ ቀላል ነው፣ ፋይሉን ልከህ ጠዋት ትቀበላለህ። ያኔ እያንዳንዱ ፊደል መጀመሪያ ብረት ላይ ይቀረጻል። ብረቱ መዳብ ላይ ተመትቶ ቅርጹን ያሳርፋል። በቀረው ጉድጓድ እርሳስ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ፊደሉ ወጣ ማለት ነው። ላቲን ለሚያትም ሰው ሃያ ምናምን ፊደል፣ ትልቅና ትንሽ፣ ይበቃዋል። ግእዝ 26 ፊደል ነው፣ በ7 ስታባዙት 182። እነ ቈ፣ ኰ፣ ጐ ሲጨመሩ 202። ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና ናቸው። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ የእርሳስ ቁራጮች ሳጥን ውስጥ ተደርድረው፣ አንድ ጣልያናዊ ሠራተኛ ቆሞ አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር ይሠራል። ሰውዬው ግእዝ አያነብም! ሀን ገልብጦ ቢያስገባት በን ትመስላለች። እሱ በምን ያውቃል? የመን እግር ከሙ እግር የምትለየው ትንሽ ጭረት ለሱ ቆሻሻ ልትመስለው ትችላለች። አጠገቡ ያሉት መነኮሳት ደግሞ ማንበቡን ያውቃሉ፣ የእርሳስ ሥራ ግን በሕይወታቸው አይተው አያውቁም፤ የሚያውቁት ብርዕና ቀለም ነው።

እና መጽሐፉ ውስጥ ይቅርታ ጠየቁ። እስከማውቀው ድረስ በመጽሐፍ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ደስ የሚል ይቅርታ የለም። አሳቡ እንዲህ ነው፤ አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ስሕተቱን በክፉ አትተርጉሙብን። ያተሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አንችልም። እኛ እነሱን ረዳን፣ እነሱም እኛን ረዱን፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራው ሆነን ሠራነው። ስለዚህ ለኛም ለነሱም ይቅር በሉ።

«ለኛም ለነሱም» ነው የሚለው። ስሕተቱን ፈረንጁ ላይ መለጠፍ ይችሉ ነበር፣ አንባቢያቸው ሐበሻ ነው፣ ያምናቸው ነበር። የግብረ ሐዋርያት ነገር ደግሞ አለ። ያላቸው ቅጂ ጎደሎ ስለነበር የጎደለውን ብዙ ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው እንደሞሉት እዚያው ጽፈዋል። ዛሬ ስንት ሰው ነው ከየት እንደቀዳ የሚናገረው?

አሁን አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ሳልነካው ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ኦርቶዶክስ ነበሩ ወይስ ካቶሊክ? ይሄ ርዕስ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁለት ይሆናል። አንዱ «ሸጡን» ይላል፣ ሌላው «የኛ ናቸው» ይላል። እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሰዎቹ በተዋሕዶ እምነት ያደጉ የኢትዮጵያ መነኮሳት ናቸው። ያሉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በሰጡት ቤት ነው፣ እንጀራቸውም ከዚያ ነው። ዘመኑ ደግሞ ሉተር የተነሣበት፣ ሮም ሁሉን በጥርጣሬ የምታይበት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ጥምቀታችሁ እንዴት ነው፣ ቅዳሴያችሁ እንዴት ነው እየተባሉ ይጠየቁ ነበር፤ ሥርዐተ ቅዳሴያችንንና ሥርዐተ ጥምቀታችንን ወደ ላቲን መልሰው በ1549 እንዲታተም አድርገዋል። ሁለት ቤት ያለው ሰው ኑሮ ነው ይሄ። እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ውጭ አገር ኖሮ የሚያውቅ ሰው ስንት ጊዜ ራሱን ማስረዳት እንዳለበት ያውቃል።

አባ ተስፋ ጽዮን ገና በ40ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው አረፉ። የመቃብር ጽሑፋቸው እዚያው እስጢፋኖስ ውስጥ ነው፣ በሌሎች መነኮሳት መቃብር ላይም በግእዝ የተጻፈ ድንጋይ አለ። ቅድም ያልኳችሁን የመጀመሪያውን የግእዝ ሰዋስው በ1552 ያወጣው ማሪያኖ ቪቶሪ የሳቸው ተማሪ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የቪቶሪ ነው። ተለመደ አይደል?

አንድ መቶ ዓመት እንዝለል። 1649።

ኢዮብ ሉዶልፍ የ25 ዓመት ወጣት ነው። የኤርፉርት ልጅ፣ ጀርመናዊ። ቋንቋ ይወዳል፣ ወደ 25 ያህል ቋንቋ ያውቅ ነበር ይባላል። ግእዝን ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ ተምሯል፤ ከነማን መጽሐፍ እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ለሌላ ጉዳይ ተልኮ ሮም ይመጣና እስጢፋኖስ ጋ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ሄደ። አራት ሰዎች አገኘ። ግእዝ ተምሬያለሁ አላቸው። አላመኑትም፣ ያለ መምህር ግእዝ? መጽሐፍ አቀረቡለትና ማንበብ ጀመረ። ሳቅ በሳቅ ሆኑ! በተለይ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉት። ሉዶልፍ ራሱ ነው ይህን የጻፈው፣ አልደበቀውም። አስቡት፣ ጰ እና ጸ ከጀርመን አፍ ሲወጡ፣ ቀ ከ ሲሆን። ግን ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ሳቁ ቆመ። ገብቶታል! ሳቁ ወደ መገረም ተለወጠ።

አባ ጎርጎርዮስ የቤተ አምሐራ ሰው ናቸው፣ የመካነ ሥላሴ። ከኢየሱሳውያኑ፣ አገራችን ገብተው ከነበሩት የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ጋር የነበሩ ናቸው፣ አጼ ፋሲል እነዚያን ሲያባርሩ አብረው ወጥተው በሕንድ አድርገው ሮም የደረሱ። ሊቅ ናቸው፣ ጨዋታም ያውቃሉ። ሁለቱ መጀመሪያ የጋራ የአፍ ቋንቋ አልነበራቸውም። ስለዚህ ማንም በቤቱ በማይናገረው በግእዝ ማውራት ጀመሩ፤ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ አማራ፣ ሮም ከተማ ተቀምጠው «ምንት ውእቱ» ሲባባሉ።

ከዚያ አማርኛ መጣ። ግእዝ በመጽሐፍ ይገኛል፣ አማርኛ ግን በአባ ጎርጎርዮስ ምላስ ላይ ብቻ ነበር ያለው። ይሄ ምን ይባላል፣ ያ ምን ይባላል፣ እንዴት ይረባል፣ ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። በ1652 ጀርመን ውስጥ ያለችው የጎታ መስፍን ኤርንስት አባን ወደ አገሩ ጋበዛቸው። ግንባታው ገና ባላለቀ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው ስለ አገራችን ንጉሥ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ አውሬው ሳይቀር ሲጠየቁ፣ ሲመልሱ ወራት ቆዩ። ሲለያዩም ደብዳቤ አላቋረጡም።

በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ወደብ፣ እስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ሰጠመ። አገራቸውን ሳያዩ እዚያው ቀሩ።

ሉዶልፍ ከዚያ በኋላ ሥራውን አልተወም። የግእዝ መዝገበ ቃላቱንና ሰዋስውን በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪኩን በ1681 አወጣ። በ1691 ለታሪኩ በጻፈው ማብራሪያ የአባን ሥዕል አብሮ አሳተመ፣ ጢማቸው፣ ዓይናቸው፣ ከነስማቸው። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት። የቋንቋችን የመጀመሪያ ሰዋስው ነው። አባ ካረፉ ልክ 40 ዓመታቸው። ሌላው ሰው አርባ ቀን ቆጥሮ ተዝካር ያወጣል፣ ይሄ ሰው አርባ ዓመት ቆጥሮ አወጣ። እሱ አልደበቀም፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ብሎ በየገጹ ስማቸውን ይጠራል። ለዚህ ነው ከሁሉም ፈረንጆች እሱን የምወደው።

ቤቱ ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበለው። የጎንደር ነገሥታት ለሮም ሰዎች በራቸውን ዘጉ፣ መንገደኛው ቀነሰ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ይበዙበት ጀመር። ብራናዎቹ ወደ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተወሰዱ። ጠርዛቸው ላይ መነኮሳቱ የጫሯት ማስታወሻ ሁሉ አለች፣ የቤቱን ኑሮ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ከዚያ ጭረት ነው። በ1919 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 15ኛ እዚያው እስጢፋኖስ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ከፈቱ። ቤቱ ጠበበ። በ1930 ቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ ለኮሌጁ አዲስ ሕንፃ ተሠራ፣ ዛሬም አለ። ገዳሙ ግን ገዳም መሆኑ አበቃ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ብቻ ቀረች።

(አንድ ማሳሰቢያ። የቫቲካን መንግሥትነት የታወጀው በእነሱ 1929 ነው፤ አሁን የምናገረው ደግሞ የኛ 1929 ነው። እንዳታምታቱ።)

ግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ በእነሱ 1937፣ የፋሺስት ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ ደብረ ሊባኖስ ገባ። መነኮሳቱን፣ ዲያቆናቱን፣ ለበዓል የመጣውን ሰው ገደለ። ራሳቸው ያመኑት 449 ነው፤ በኋላ ያጠኑ ሰዎች ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሱታል። ከ389 ዓመት በፊት አንድ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ሮም ተቀምጦ ላተሙት ጣልያኖች ይቅርታ ይጠይቅላቸው ነበር። ከዚህ በላይ ልለው የምችለው የለኝም፣ ወደ ሌላው እንለፍ።

ዝክሩ እንዴት ነው ለሚለው። በጥር 2020 ኮሌጁ 100 ዓመቱን ሲያከብር ፖፕ ፍራንሲስ ማኅበረሰቡን ተቀብለዋል፣ ደግ ነገር ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ስለዚህ ቤት የሚጻፈውን ስታነቡ ሲክስቶስ ሰጠ፣ ክሌሜንጦስ አደሰ፣ ቤኔዲክቶስ መሠረተ ነው። ስለ መጻሕፍቱ ስታነቡ ፖትከን አሳተመ፣ ቪቶሪ ጻፈ ነው። እኛም ስንጽፍ ያንኑ ገልብጠን «አባቶቻችን ሮም ድረስ ገዳም ነበራቸው» ብለን እንፎክርና እናቆማለን። የትኞቹ አባቶቻችን? በኛ ደንብ ዝክር ማለት እኮ ስም መጥራት ነው። ቄሱ ተዝካር ላይ «የዚህ ቤት ሰዎች» ብለው ቢያልፉ ቤተ ዘመዱ ዝም ይላል እንዴ? ስም በስም ነው የሚጠራው፣ ያውም የክርስትና ስም።

እንግዲህ አመሰግናለሁ፣ ጥያቄ ካለ።

(የመጀመሪያው ጥያቄ የአንዲት ወጣት ነበር፣ «ቤተ ክርስቲያኗን ማየት ይቻላል?» አለችኝ። ይቻላል፣ ቫቲካን አትክልቱን የሚያስጎበኝበት ጉብኝት አለው፣ በዚያ በኩል የሚያልፈውን መምረጥ ነው። እኔ የሄድኩ ጊዜ አስጎብኚው ሩጫ ላይ ነበር፣ «አሮጌ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ በእጁ ጠቁሞ አለፈ። እኔ ወደኋላ ቀርቼ በሩን ነካሁት።

ሻይ ላይ ደግሞ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ ስማቸውን ድገምልኝ፣ ለደብራችን ካህን ልስጠው ነው» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል። ተስፋ ጽዮን። ተንሥአ ወልድ። ዘሥላሴ። ጎርጎርዮስ። ቀስ ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀና አሉና «ያ ያሳቃቸው ልጅስ?» አሉ። «እሱማ ጀርመን ነው እማማ፣ ሉተራን ነው» አልኳቸው። «ስሙ ማን ነበር ያልከው?» «ኢዮብ።»

«ኢዮብ» ብለው ከጎርጎርዮስ ሥር ጻፉት።)